ሁለተኛው ፍሬን

መኪናዋ አንዴ ወደ ግራ ዋለለችና አፍንጫዋን አሸዋው ውስጥ ደፍታ ቀጥ አለች። እትዬ ፍሬን ወደ ታች ብታይ ቀኝ እግሯ እንደ ልማዱ ፍሬኑ ላይ ተኝቷል።

"አንተ እግር፣" አለችው፣ "አስቀበርከኝ አይደል?"

ከፊቷ አንዲት እንሽላሊት መንገዱን አቋርጣ ድንጋይ ስር ገባች። ለዚህች እንሽላሊት ሲባል ነው እንግዲህ ያ ሁሉ ጉዞ አደጋ ላይ የወደቀው። ሦስት የበረሃ ፓርኮችን ብቻዋን ነድታ፣ ብቻዋን በእግሯ ዞራ፣ ድንኳኗን ብቻዋን ተክላ ብቻዋን ነቅላ አልፋለች። የቀራት ይህ አራተኛው ነው። ከአሸዋው ማዶ፣ ከሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በኋላ የሚገኘውን የድንጋይ ቅስት ሳታይ ላትመለስ ለራሷ ቃል ገብታለች።

ሥራዋ መኪና መንዳት ማስተማር ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ከተማሪ ጎን ተቀምጣ፣ በአስተማሪው በኩል የተገጠመውን ሁለተኛውን ፍሬን ስትረግጥ ኖራለች። "እትዬ ፍሬን" የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡላት ተማሪዎቿ ናቸው። የሥራ ባልደረቦቿ ደግሞ "እሷ እኮ የምታውቀው ፍሬን እንጂ ነዳጅ አይደለም" እያሉ ሻይ ይጠጡበታል። ትስቃለች፤ ግን ነገሩ አንጀቷ ድረስ ይገባል። ምክንያቱም ያንኑ ቃል ከገዛ ልጇም ሰምታዋለች። ልጅቷ መሪ ከጨበጠች ሁለት ዓመት አልፏታል። መስቀለኛ መንገድ መሃል በሥርዓት እየነዳች ሳለ እናት ከጎን ፍሬኑን ረገጠችባት፤ ሞተሩ ጠፋ፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ጥሩምባውን ነፋ። ልጅቷ ዳር ይዛ አቆመችና ቁልፉን አስረክባ በእግሯ ሄደች። ለዚህ ጉዞም መጀመሪያ የተጠየቀችው እሷ ነበረች።

"አንቺ አጠገቤ ተቀምጠሽ?" ነበር መልሷ። "እማ፣ በረሃ ድረስ ሄጄ ከምበሳጭ እዚሁ ቤቴ ልበሳጭ።"

የመኪናው ጣሪያ ላይ "ለማጅ" የሚለው ሰሌዳ እንደተሰቀለ ነው። ዛሬ ጠዋት የፓርኩ ጠባቂ፣ ፀሐይ ያከሰላቸው ቀጭን ሽማግሌ፣ ሰሌዳውን አይተው እሷን አዩና "ተማሪው የታለ?" አሏት።

"የለም ጋሼ፣ እኔ ብቻ ነኝ።"

"በዚች መኪና?"

"በዚች መኪና ሦስት በረሃ አልፌያለሁ።"

"ይሁን። ግን ሕጉን ይወቁት። ብቻውን የመጣ ሰው ተቀብሮ እኔ ሄጄ ከጎተትኩት ጉብኝቱ እዚያው ያበቃል፤ ወደ በሩ ይዤው ነው የምመለሰው። ስልኬን ይያዙ። ደግሞ አሸዋ ላይ ፍሬን እንዳይነኩ። መቆም ካማርዎት እግርዎን ከነዳጁ ያንሱ፣ ራሷ ትቆማለች።"

ለቀባሪው አረዱት ብላ በልቧ ስቃ ነበር። አሁን ቀባሪዋ ራሷ ከነመኪናዋ ተቀብራለች።

ስልኩን አነሳች። የጠባቂው ቁጥር ከላይ ነው፤ አንድ ጣት ብቻ ይበቃል። ትንሽ አየችውና መሳቢያው ውስጥ ወርውራ ዘጋችበት። ከዚያ ወርዳ ወገቧን ይዛ ጎማዎቹን ዞረቻቸው። የፊቶቹ እስከ ግማሽ ገብተዋል።

"እሺ፣ አትደንግጪ፣" አለች፣ ለተማሪ በምታወራበት ድምፅ። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።"

በድስት ክዳን ከጎማዎቹ ፊት ያለውን አሸዋ ጠረገች። እሷ አንድ ክዳን ስታወጣ አሸዋው ግማሽ ክዳን ይመልሳል፤ ተግባቡ እንጂ አልተሸናነፉም። በእንጨት ጫፍ የአራቱንም ጎማ አየር አስተነፈሰች፣ ሆዳቸው መሬት ላይ ዘርጠጥ እስኪል። የመኪናውን ምንጣፎች ነቅላ ከጎማዎቹ ስር ሰነቀረች። ላቧ ዓይኗ ውስጥ እየገባ ሸሚዟ ጀርባዋ ላይ ተጣበቀ። ጉልበቷ "የሃምሳ አራት ዓመት ሴት መሆንሽን ረሳሽው?" ሲላት እሷም "ዝም በል" አለችው።

ገብታ ሞተሩን አስነሳች። ሁለተኛ ማርሽ፤ ፍሪሲዮኑን ቀስ፤ ነዳጁን ቀስ። መኪናዋ ተንቀጠቀጠች፣ አቃሰተች፣ ከዚያ ምንጣፎቹን ወደ ኋላ እያሽቀነጠረች ወጣች። ያኔ ያ እግር ከደስታ ብዛት እንደገና ወደ ፍሬኑ ሊዘል ተነሳ።

"ተው፣" አለችው። "አሁን ሥራ የለህም።"

ሰማ። ጠጠሩ መሬት እስክትደርስ ድረስ አንዴም አልቆመችም። እዚያ ነዳጁን ለቀቀች፣ መኪናዋም ሽማግሌው እንዳሉት ራሷ ቆመች። ከዚያ ወደ ኋላ በእግሯ ተመልሳ ምንጣፎቿን ለቀመች።

ውሃዋን አዝላ መንገድ ጀመረች። ከሁለት ሰዓት በኋላ ቅስቱ ብቅ ሲል አፏን ከፍታ ቀረች። ከአንዱ ገደል ተነስቶ ሌላው ገደል ላይ ያረፈ ቀይ ድንጋይ፤ ማንም አልደገፈው፣ ማንም አልያዘው፣ ከሥሩ ሰማይ ብቻ ነው። ንፋስ የላሰው ጎኑ እንደተወለወለ ሳንቃ ያበራል። በቅስቱ ውስጥ አሻግራ ስታይ በረሃው መስመር በመስመር፣ ቢጫው በግራጫው ላይ እየተነጠፈ፣ ዓይን እስኪደክም ይሄዳል። ሃያ ሰባት ዓመት ከመስታወቱ ወዲያ ያለውን ሃምሳ ሜትር ብቻ ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት፤ ዓለም ይህን ያህል ሩቅ ድረስ መኖሩን ረስታው ነበር። ደስ አላት። እንደ ልጅ ደስ ስላላት ከሥሩ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች።

ከሰዓት ወደ መኪናዋ ስትመለስ ጠባቂው ፒካፓቸውን አቁመው ጥላው ውስጥ ተቀምጠዋል።

"እዚያ ታች አንድ ጉድጓድ አይቻለሁ፣" አሉ።

"የኔ ነው።"

"ፍሬን ይዘው?"

"ፍሬን ይዤ።"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። "እዚያ ቦታ ገብቶ ሳይደውልልኝ የወጣ ሰው ሁለተኛ ነዎት።"

"አንደኛው ማን ነው?"

"እኔ። ለማን ልደውል?"

ሁለቱም ሳቁ። ጎማዎቹን ልንፋልዎት ቢሏት "አግዘውኛል እንዳይባል" ብላ የእግር ፓምፑን ራሷ ረገጠችው። ሽማግሌው ቆመው ሲያይዋት ቆዩና ለመሄድ ሲነሱ ኮፍያቸውን አውልቀው ሰላም አሏት። ለብዙ ሰው የሚያወልቁ አይመስሉም።

ብቻዋን ስትቀር ለልጇ ደወለች።

"እማ! ደህና ነሽ? ተቀበርሽ እንዴ?"

"ተቀብሬ ወጣሁ።"

"ማን አወጣሽ?"

"እኔው።"

"እሰይ የኔ ጀግና። እንዴት ተቀበርሽ ግን?"

አስተማሪ ጥፋቱን ለተማሪው አይናዘዝም፤ የሙያው ልማድ ነው። እትዬ ፍሬን ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ፍሬን ይዤ። ምንም ሳይኖር። እንሽላሊት ነው ያየሁት። የዚያን ቀን መስቀለኛው ላይም ምንም አልነበረም። በደንብ እየነዳሽ ነበር።"

ጎማው ላይ የተጣበቀውን አሸዋ በጣቷ ፋቀች።

"አውቃለሁ፣" አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

"ቅዳሜ አውቶቡስ በረሃው ዳር እስካለችው ከተማ ድረስ ይመጣል። ነይና አንቺ እየነዳሽ እንመለስ።"

"አንቺስ የት ልትቀመጪ ነው?"

እትዬ ፍሬን ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል አጣብቃ የመኪናውን የኋላ በር ከፈተች። ድንኳኑን፣ ጥቅል ፍራሹን፣ ድስቱን ከነአሸዋው አንድ በአንድ እያነሳች በአስተማሪው ወንበር ላይ ቆለለች። ቦታ የቀረው ከወንበሩ ፊት፣ እግር በሚያርፍበት ብቻ ነበር። ትልቁን የውሃ ጀሪካን ጎትታ አመጣችና እዚያ፣ እግር እንዳይገባ ከሁለተኛው ፍሬን ፊት አቆመችው።

"ከኋላ፣" አለች።