ቅዳሜ የሚታረም የቤት ሥራ

እኔና ሒሳብ ዓይንና ናጫ ነን። ባሌ ፈዲሉ ግን ጌዶ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ሳምንቱን እዚያ ይሰነብትና ቅዳሜ አምቦ ይገባል፤ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ልጃችንን አፍናንን ወረቀቱን አምጪ ይላታል። ሰኞ ሲሄድ የፋክተራይዝ ጥያቄዎች ጽፎላት ይሄዳል፣ ሲመለስ በቀይ እስክሪብቶ ያርማል። ደግሞ አመል አለበት፤ ከጥያቄዎቹ መሀል ጨርሶ ፋክተራይዝ የማትሆን አንዷን ይሸጉጥባታል። ልጅቷ ደፍራ «አይሆንም» ብላ መጻፍ አለባት። ስትጽፍለት በሳቅ ይፈርሳል። እኔ ደግሞ ምሳው ቀዘቀዘ እያልኩ እነዘንዛቸዋለሁ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

አንድ ቅዳሜ ከጌዶ ይዞት ይመጣ የነበረው ሚኒባስ ተገለበጠ። ቤት የገባልኝ ሬሳው ነው።

ለቀስተኛው ሲሳሳ አፍናን ያንን የመጨረሻ ወረቀት ይዛ ቁጭ አለች። ሌላውን ሁሉ ሠርታዋለች፤ አንዷ ብቻ ቀርታታለች። ትጽፋለች፣ ታጠፋለች። ምግብ እንቢ፣ ትምህርት ቤት እንቢ፤ ሳልጨርስ አልነሳም ትለኛለች። መጀመሪያ ለመንኳት፣ ኋላ ጮህኩባት። እሷም ልታመልጠኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምሯት ኦቦ ገቢሳ ለቅሶ ሊደርሱን ሲመጡ ወረቀቱን ነጥቄ ሰጠኋቸው። አንዴ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲባዙ አምስት፣ ሲደመሩ ሦስት የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮች ነው የሚፈለጉት አሉኝ፤ ተባዝተው አምስት የሚሆኑት አንድና አምስት ብቻ ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ሲደመሩ ስድስት ነው የሚሆኑት። ፋክተራይዝ አትሆንም። ይቺን አፍናን ከእኔ ቀድማ ነው የምታያት፣ ምን ነካት ብለው ተገረሙ። «አይዞሽ፣ ጀባዹ» ብለዋት ወጡ።

ደሜ ፈላ። እስክሪብቶውን እጇ ውስጥ አስጨበጥኳት።

«የአባትሽ ተንኮል ናት። አይሆንም ብለሽ ጻፊና ተገላገይ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ቁርጥ የሱ ነው።

«ከመጀመሪያው ቀን አውቃለሁ፣ ኡሚ። ግን ከጻፍኩት አለቀ። ካለቀ ማን ያርመዋል?»

ሬሳው ሲገባ ያላለቀስኩትን ያኔ አለቀስኩት። ሲወጣልኝ ምንጣፉ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ እስክሪብቶውን ከእጇ ወሰድኩና አንድና አምስት ብዬ ጻፍኩ።

«ጠጋ በይልኝ» አልኳት። «እስቲ እንደገና እንሞክረው።»