የንስሐ አባቷን ማን ጠራ?

ሚስተር ኦልሰን ደስ እያለው ነው ያበሰራት። "ያልሽውን አደረግሁ። ቄሱ ጋ ደወልኩ፤ እየመጡ ነው።"

ፀዳለ ክው አለች። አሜሪካ፣ ብሩክሊን ፓርክ ባለው በዚህ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአበሻ ወላጆችን ከመምህራን ጋር የምታገናኘው እሷ ናት፤ ኦልሰን ደግሞ የተማሪዎች አማካሪ ነው። መስከረም ላይ፣ ሴት ሆነው ሴት የሚወዱትን፣ ወንድ ሆነው ወንድ የሚወዱትን ልጆች ትምህርት ቤቱ እንዴት ከጥቃት እንደሚጠብቅ ለመምህራኑ ስልጠና ተሰጥቶ ነበር። "የእናንተ ቤተሰቦች ማንን ያምናሉ?" ሲባል እጇን አውጥታ "የንስሐ አባታቸውን፤ እሳቸው ምስጢር ይጠብቃሉ" አለች። ተጨበጨበላትም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሏል ይኸው ነው።

"ስለ ልጅቷ፣ ስለ ቤዛዊት ምን አልካቸው?"

"ምንም። ድጋፍ ያስፈልጋታል፣ መጥተው ያነጋግሩኝ ነው ያልኩት።"

የዋህ ሰው! እሱ የሚያውቀው ፓስተር ብቻውን መጥቶ ብቻውን የሚሄድ ነው። የኛ ቄስ ግን ለልጅ ጉዳይ ሲጠሩ እናትየዋን ጥለው የት ይመጣሉ? ፀዳለ በመስኮት ስታይ አባ ሰረቀብርሃን ፓርኪንግ ላይ ከመኪናቸው እየወረዱ ነው። በሌላው በር ደግሞ ሮማን፣ የቤዛዊት እናት፣ አዛውንት የምትንከባከብበትን የነርሲንግ ሆም ዩኒፎርም እንደለበሰች ወረደች።

ቤዛዊት ሴት እንደምትወድ የተናገረችው ለፀዳለና ለኦልሰን ብቻ ነበር። የአጎቷን ልጅ፣ ወንድ እንደሚወድ ሲታወቅ፣ "ለእረፍት" ብለው አገር ቤት ወስደው፣ ፓስፖርቱን ቀምተው እዚያው አስቀርተውታል። "ማሚ ከሰማች እኔንም ይወስዱኛል" ብላ አልቅሳለች።

አሁን ከክፍል ተጠርታ መጣች። በመስታወቱ በኩል የቄሱን ጥምጣምና እናቷን ስታይ በቁሟ ደረቀች።

"ሚስ ፀዳለ፣ ዲድ ዩ ቴል ዘም?"

"በፍጹም። ምንም አያውቁም። አንቺ ያልፈቀድሽውን አንዲት ቃል አልተነፍስም። ምን ልበላቸው?"

"ቡሊ እያደረጉኝ ነው በያቸው። ኢትስ ትሩ። ለምን እንደሆነ ግን ፕሊስ..."

እውነት ነው፤ የደብተር ሳጥኗ ላይ የሚጻፍላትን ጸያፍ ነገር ፀዳለ ራሷ ነበረች የምትጠርገው። ሁሉም ገብተው ተቀመጡ። ኦልሰን ተናገረ፣ ፀዳለ ተረጎመች፦ ልጆች ይሰድቧታል፤ ትምህርት ቤቱ ሊያስቆም ይፈልጋል።

"ለምን ይሰድቧታል?" አለች ሮማን። "ልጄ ምን አድርጋ?"

ጥያቄው ሲተረጎምለት ኦልሰን መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ። ፀዳለ በጠረጴዛው ስር እግሩን ረገጠችው። አፉን ዘጋ። ሮማን ግን የዋዛ አይደለችም፤ ከአንዱ ወደ አንዱ እያየች ፊቷ ተለዋወጠ።

"ፀድዬ፣ ይኸው አባታችን ከነመስቀላቸው ተቀምጠዋል። በመስቀሉ ንገሪኝ። የምትደብቁኝ ነገር አለ?"

የፀዳለም የንስሐ አባት እሳቸው ናቸው። በመስቀል ተጠይቃ ዋሽታ አታውቅም። ቤዛዊት ዓይኗን ጨፈነች። ፀዳለ በዘገየች ቁጥር መዘግየቷ ራሱ መልስ እየሆነ መሄዱ አስፈራት።

"ተይ እንጂ ሮማን" አሉ አባ ሰረቀብርሃን። "መስቀል ሰው ማስጨነቂያ ነው እንዴ? ልጅሽን ይሰድቧታል እየተባልሽ፣ ሰዳቢዎቹን ትተሽ እሷን ትመረምሪያለሽ?"

ሮማን አቀረቀረች። ከዚያ የልጇን እጅ ያዘች። ቄሱ ምን እንደገባቸው እስከ ዛሬ ማንም አያውቅም። ሲወጡ ብቻ ቤዛዊትን መስቀል አሳልመው "ሁለተኛ አንቺ ራስሽ ካልጠራሽኝ እዚህ አልመጣም" አሏት።

እናቷና ቄሱ ወደ መኪናው ሄዱ። ቤዛዊት ቦርሳዋን አንስታ ወደ ፀዳለ ዞረች።

"ማን ነው የጠራቸው?"

በኦልሰን ማሳበብ ይቻል ነበር። "እኔ ነኝ" አለች ፀዳለ። "ጥሯቸው ብዬ መምህራኑን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።"

ሁልጊዜ እንግሊዝኛ የምትቀላቅለው ልጅ በጥሩ አማርኛ "ሳትጠይቁኝ?" አለች። መልስም አልጠበቀች፤ ወጥታ ሄደች።

"ምን አለች?" አለ ኦልሰን።

መተርጎም ሥራዋ ነውና ፀዳለ አንድም ቃል ሳትቀንስ ተረጎመችለት።