ወደ ኋላ የዞረው ሞተር

አምስት ኪሎ ስማር በኤሌክትሪክ ማሽኖች ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድም ሽቦ በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር። በአንድ ሞተር ዙሪያ ስድስት ሆነን እንቆማለን፤ አምስቱ ወንዶች ናቸው። እነሱ ይቀጥላሉ፣ ይነቅላሉ፣ ይጨቃጨቃሉ። እኔ የአምፔሩንና የቮልቱን ንባብ በሰንጠረዥ እጽፋለሁ። ጽሕፈቴ ንጹሕ ስለነበር ማንም ሌላ ሥራ አልሰጠኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ፈተናው ላይ በሦስት የኤሌክትሪክ መስመር የሚሠራ፣ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር የሚዞርበት አቅጣጫ በምን እንደሚቀየር ተጠየቅን። ከሦስቱ መስመሮች ሁለቱን ማቀያየር ይበቃል ብዬ፣ ስለሚሽከረከረው የማግኔት መስክ ግማሽ ገጽ ጨምሬ ጻፍኩ። አስር ከአስር አገኘሁ።

በ1988 ክረምት ለተግባር ልምምድ ወላጆቼ ወደሚኖሩበት ወደ ጋምቤላ ተመለስኩ። የተመደብኩት ባሮ ዳር ባለው የውሃ ጣቢያ ነበር። ጣቢያ ይባል እንጂ አንድ የቆርቆሮ ቤት፣ አንድ ጄኔሬተር፣ አንድ ሞተርና ሞተሩ የሚያዞረው አንድ ፓምፕ ነው።

ኦፕሬተሩ ጋሽ ኦጆት ይባላሉ፤ ኢታንግ ተወልደው ጋምቤላ ያረጁ አኙዋክ ናቸው። ያንን ሞተር አሥራ አራት ዓመት አስነስተዋል፤ የትምህርት ወረቀት ግን የላቸውም። ክልሉ ገና አዲስ ስለነበር በዚያ ክረምት ሠራተኛው ሁሉ እንደገና ይመደብ ነበር። የጋሽ ኦጆት ስም ከኦፕሬተሮች ስር ይጻፍ ወይስ ከጥበቃዎች ስር፣ ቢሮው ውስጥ የተሰየመው ኮሚቴ በነሐሴ መጨረሻ ይወስናል። እሳቸው ስለዚህ አያወሩም። ሞተሩን በጨርቅ ይወለውሉና «ይሄ ነው ወረቀቴ» ይላሉ።

ባሮ በየክረምቱ ሲሞላ ሞተሩና ፓምፑ ከታችኛው መደብ ተነስተው ወደ ላይኛው ይወጣሉ። ሥራውን የሚመሩት ጋሽ ኦጆት ናቸው። በዚያ ሳምንት ግን የእህታቸው ባል ሞተና ሐሙስ ጠዋት ወደ ኢታንግ ሄዱ።

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አሉኝ። «ወንዙን ጠብቂልኝ።»

ወንዙ የሚጠበቅ አልነበረም። ዓርብ ጠዋት ስደርስ ውሃው ታችኛውን መደብ ለመንካት አንድ ክንድ ቀርቶታል። ጥበቃው ቶክ፣ ረጅምና ቀልደኛ የኑዌር ልጅ፣ ስድስት ተሸካሚ ሰብስቦ እየጠበቀኝ ነበር።

«ኢንጂነር፣ አዞው ሞተር መንዳት ሳይማር እናውጣው» አለኝ።

መጀመሪያ ሽቦውን መፍታት ነበረብን። የሞተሩን የሽቦ ሳጥን በካቻቢቴ ስከፍት በየሽቦው ጫፍ ላይ በክር የታሰረ የብርጭቆ ዶቃ አየሁ፤ ሴቶች አንገታቸው ላይ የሚያደርጉት፣ ገበያ የሚሸጠው ዓይነት። የሞተሩ ሦስት መያዣዎች ላይም እንዲሁ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ዶቃ ተንጠልጥሏል። ዶቃውና የሽቦው ቀለም ግን አይገጥሙም። ቀዩ ሽቦ ነጭ ዶቃ፣ ቢጫው ሽቦ ቀይ ዶቃ ታስሮበታል።

«የቀለም ስህተት አለበት» አልኩ።

«እሱ የሽማግሌው ነገር ነው፤ አትንኪው» አለ ቶክ። «በኋላ ይጣላሻል።»

ሞተሩ ላይኛው መደብ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ዶቃዎቹን አንድ በአንድ ፈትቼ ክብሪት ቀፎ ውስጥ አኖርኳቸው። ከዚያ በመጽሐፉ ቅደም ተከተል ቀዩን ከአንደኛው፣ ቢጫውን ከሁለተኛው፣ ሰማያዊውን ከሦስተኛው መያዣ ጋር አገናኘሁ። ዳዶዎቹን ያጠበቅኩት በራሴ እጅ ነው። ቶክ ጄኔሬተሩን አስነሳ፣ እኔ ማብሪያውን ጫንኩ፤ ሞተሩ ጮኾ ተነሳ፣ ቧንቧው ውሃ ያዘ። ተሸካሚዎቹ አጨበጨቡልኝ። ሳቄ እንዳይታይ ዞር አልኩ።

ቅዳሜ የከተማው የውሃ ታንከር አልሞላም። እሑድ ግማሹም አልደረሰ። የውሃው መስመር የሚያልቀው ኒውላንድ ሰፈር ስለሆነ መጀመሪያ የደረቀው የኒውላንድ ቦኖ ነበር። ሰኞ ጠዋት በዚያ ሳልፍ ጀሪካኖቹ እስከ መንገዱ ተሰልፈዋል። ቦኖውን የምትጠብቀው ኛኪየር አየችኝና ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«አንቺ የውሃ ቢሮ ልጅ! ውሃሽ እንደ ሕፃን ነው የሚሸናው!»

ሴቶቹ ሳቁ።

«ነገ ከወንዙ እንቀዳለን» አለች። «አዞ ከመጣ ያንቺን ስም እንነግረዋለን። ማን ነው ስምሽ?»

«ሩሐማ» አልኩ፤ የሰማችኝ አይመስለኝም።

በዚያው ቀን የቢሮው ኃላፊ አቶ ተሰማ ወደ ጣቢያው መጡ። ከደጋ ተዛውረው የመጡ፣ ወባ ያከሳቸው፣ ሁልጊዜ የሚቸኩሉ ሰው ናቸው። ጆሯቸውን ወደ ፓምፑ አስጠግተው አዳመጡ።

«ውሃውን የሚገፋው የውስጡ ክንፍ ተበልቷል» አሉ። «ኦጆት ያለ ውሃ አስነስቶት ነው የሄደው። አዲስ አበባ ተልኮ እስኪመለስ ስንት ወር? ለመሆኑ ማንን አስፈቅዶ ነው የሄደው?»

መልስ ሳይጠብቁ ወደ ቢሯቸው ተመለሱ። ጋሽ ኦጆት መንገዱ በውሃ ተቆርጦባቸው ዘግይተው ሰኞ ከሰዓት ደረሱ። የጠበቃቸው ደብዳቤ ነበር፤ ያለ ፈቃድ ከሥራ ቀርተው ፓምፑን ለጉዳት ስለዳረጉ ጣቢያው ውስጥ እንዳይገቡ፣ ጉዳያቸውም ዓርብ በምደባ ኮሚቴው እንደሚታይ ይላል። አማርኛ ማንበብ ስለሚያስቸግራቸው ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። «ለጉዳት ስለዳረጉ» የሚለውን ምን ማለት ነው ብለው ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

ረቡዕ ጠዋት ከግቢው ውጭ ማንጎው ስር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሞተሩ ውስጥ ይጮሃል። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ።

«ድምፁ የእሱ አይደለም» አሉ። «እኔ ቤት ሌላ ሰው ገብቶ የሚያወራ ይመስላል። የተበላ ክንፍ እንዲህ አይልም።»

«ታዲያ ምን ይላል?»

«ይንቀጠቀጣል። ይሄ አይንቀጠቀጥም። ጤነኛ ነው፤ ግን ሥራው ሌላ ነው።»

ጤነኛ ነው፣ ሥራው ግን ሌላ ነው። ገባሁና ሞተሩን አጠፋሁ። ፍጥነቱ እየቀነሰ ሲሄድ ሞተሩን ከፓምፑ የሚያገናኘውን ዘንግ አየሁት። ከዚያ የፓምፑን ገላ በካቻቢቴ ፋቅኩ። ከደረቀው ጭቃ ስር በብረቱ ላይ የወጣ ቀስት ነበር፤ መዞር ያለበትን አቅጣጫ ያሳያል። ዘንጉ እስኪቆም የዞረው በተቃራኒው ነው። እንዲህ ያለ ፓምፕ ወደ ኋላ ሲዞርም ትንሽ ውሃ ይገፋል፤ ስለዚህ ማንም አልጠረጠረም። እኔ ግን መጠርጠር ነበረብኝ። ግማሽ ገጽ ጽፌበታለሁ።

የመጣልኝ ሐሳብ የሚያስመሰግን አልነበረም። ሁለቱን ሽቦ ባቀያይር አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ውሃው ይመለሳል፣ ማንም ምንም አያውቅም። ደብዳቤው ግን ፋይል ውስጥ ይቀራል።

ወጥቼ ነገርኳቸው። መሬት መሬት እያየሁ ነበር የማወራው።

«ወደ ኋላ?» አሉ ጋሽ ኦጆት። ከዚያ ቀስ ብለው፦ «ዶቃዎቹስ?»

«ፈታኋቸው። ከሽቦው ቀለም ጋር አልገጥም ስላሉ።»

በእጃቸው ከቆርቆሮ ቤቱ ወደ መደቡ የሚወስደውን መሬት አሳዩኝ።

«ኬብሉ መሐል ላይ የተቀጠለ ነው» አሉ። «ከአራት ዓመት በፊት ተቆርጦ ስንቀጥለው ቀለሙ ተሳከረ። ከመሬት በታች ነው፤ አይታይም። እኔ ቀለም አላምንም። ሞተሩ በደንብ ሲሠራ ከሚስቴ ዶቃ ለመንኩና አሰርኩበት። ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር።»

«አልነበሩም።»

«ቶክ ነበረ።»

ቶክ አትንኪው ብሎኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ጥበቃ ስለ ፌዝ ምን ያውቃል ብዬ ነበር። አፍ አውጥቼ አላልኩትም። ማሰቡን ግን አስቤዋለሁ።

እሳቸው እንዳይገቡ ስለተከለከሉ ከበሩ ላይ ቆሙ። ሁለቱን ሽቦ ያቀያየርኩት እኔ ነኝ፤ ዳዶውን ሁለት ጊዜ ጣልኩት። ሞተሩ እንደገና ሲነሳ ጋሽ ኦጆት ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት።

«አሁን እሱ ነው» አሉ።

ቶክ አጨበጨበ። «በቃ! ፓምፑ በራሱ ዳነ እንላለን። የቸርች ሰዎች ጸለዩለት።»

ጋሽ ኦጆት ፈገግ አላሉም። «እውነቱ ከተነገረ የሚበላሸው የእሷ ወረቀት ነው» አሉት። ወደ እኔ ዞረው፦ «የምታውቂው አንቺ ነሽ» አሉኝና ጨርቃቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ሄዱ።

ሐሙስ የኒውላንድ ቦኖ ውሃ አገኘ። ዓርብ ጠዋት አቶ ተሰማ ቢሮ ገባሁ። ለዩኒቨርሲቲው የሚላከውን የልምምድ ቅጼን ሞልተው ጨርሰዋል፤ «እጅግ በጣም ጥሩ» የሚለው ላይ ምልክት አድርገዋል።

«ነይ ሩሐማ፤ ውሃው ተመለሰ አይደል? ምናልባት አሸዋ ይሆናል የዘጋው።»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ሞተሩን ያገናኘሁት እኔ ነኝ። በተሳሳተ መንገድ። ወደ ኋላ ነበር የሚዞረው። ጋሽ ኦጆት ምንም አላጠፉም።»

ብዕራቸውን አስቀምጠው አዩኝ። የተቆጡ አይመስሉም፤ የደከሙ እንጂ።

«ያለ ፈቃድ መሄዱስ?»

«ለቀብር ነው የሄዱት። ለእኔና ለቶክ ነግረውን ነበር። ቢኖሩም ባይኖሩም፣ እኔ ባልነካው ኖሮ አይበላሽም ነበር።»

«ይሄን ብጽፈው ቅጽሽ እንዲህ ሆኖ አይሄድም። ገብቶሻል?»

«አዎ።»

«እኔ ለኮሚቴው የጻፍኩት ክንፉ ተበላ ብዬ ነው» አሉ፤ ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስል ነበር። ከዚያ ተነሱ። «በአፍ አይሆንም። ጽፈሽ ፈርሚ። ደግሞ እኔ አላነብልሽም፤ አንቺው ግቢና አንብቢላቸው።»

ኮሚቴው አጠገብ ባለው ክፍል ተቀምጦ ነበር፤ አምስት ወንዶች፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ። ጋሽ ኦጆት ጥግ ላይ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ተቀምጠዋል። ወረቀቴን አንብቤ ስጨርስ ሰብሳቢው እጁን ጆሮው ላይ አደረገ።

«አልሰማንሽም፣ እህቴ። ጮክ በይ።»

እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። በዚህ ጊዜ ድምፄን እኔም ሰማሁት።

«ታዲያ ጥፋቱን ማን አገኘው?» አለ ሰብሳቢው።

«ጋሽ ኦጆት። ከግቢው ውጭ ተቀምጠው፣ በጆሯቸው።»

ከአምስቱ አንዱ ሳቀ፤ ሰብሳቢው ግን አልሳቀም። ወደ ጋሽ ኦጆት ዞሮ በአኙዋክኛ አንድ ነገር ጠየቃቸው፤ እሳቸውም መለሱ። እየመለሱ ቆዩ፤ ሁለት እጃቸውን ከፍ አድርገው አንዱን በአንዱ ዙሪያ አዞሩት፣ ከዚያ በተቃራኒው አዞሩት። ቃሉን ባላውቅም የሚሉት ገባኝ። ከእኔ ግማሽ ገጽ ይልቅ ግልጽ ነበር።

የኮሚቴው ጸሐፊ ዝርዝሩን ወደ ራሱ ሳበና ከኦፕሬተሮች ስር የጋሽ ኦጆትን ስም ጻፈ።