የቂብላዋ መስመር ባለቤት

ጋሽ ዩኑስ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ቧንቧ ሠራተኛ ሆኖ ሃያ ስምንት ዓመት ሲያገለግል በማንም ደመወዝ አልቀና፣ በማንም ሹመት አልቀና። የቀናው ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው፤ ሲቀና ግን የጉድ ቀና።

ሙንተሃ የምትባል የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የግቢውን መስጊድ ታሪክ በትንሽ መጽሐፍ ላውጣ ብላ ተነሣች። ዛሬ ሚናራው ከባሕር ዛፍ የሚበልጠው መስጊድ ከሠላሳ ዓመት በፊት አሮጌ የዘር መጋዘን ጥግ የተወጠረ ሸራ ነበር። ሸራውን ከወጠሩት ሐዋሳ ውስጥ የቀሩት ሁለት ናቸው፦ አንዱ ዩኑስ፣ ሌላው ያኔ ተማሪ የነበረው፣ ዛሬ መሃል ከተማ ትልቅ የጨርቅ ሱቅ ያለው ሐጂ ባህሩ። ልጅቷ መጀመሪያ የሄደችው ሐጂው ዘንድ ነው። አንድ በሉ።

ከዚያ ታቦር ሰፈር ዩኑስ ቤት መጣችና የሐጂውን ድምፅ በስልኳ አሰማችው። የመጀመሪያውን አዛን ያሰማሁት እኔ ነኝ ይላል። ሸራውን ከአባቴ ሱቅ ያመጣሁት እኔ። የመጀመሪያውን የዒድ በግ የገዛሁት እኔ። ሐጂው «እኔ» ባለ ቁጥር ዩኑስ አፉ ውስጥ ያለችውን መፋቂያ ቀጭ ያደርጋታል፤ በጉ ጋ ሲደርሱ ሦስት መፋቂያ ጨርሷል። አንጀቱን ያሳረረው ደግሞ ሁሉም እውነት መሆኑ ነው። ውሸት ቢሆን ስቆ ያልፈው ነበር፤ በውሸትማ ማን ይቀድመዋል?

በተራው ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት ለዉዱእ የሚሆነውን ውኃ ከችግኝ ጣቢያው በቧንቧ የሳበው እሱ መሆኑን ነገራት። መጀመሪያ ቢከፍተው ውኃው ተስፈንጥሮ በሰማይ የሚያልፍ አባ ኮዳ አጠበ፣ ወፉም ንጹሕ ሆኖ ወደ ሐይቁ ተመለሰ አላት። ሙንተሃ ሳቀች፤ ደብተሯ ላይ ግን «ውኃም ገባ» ብላ ጻፈች። ማን እንዳስገባው የለም። ሁለት በሉ።

ስልኩ ገና አላበቃም ነበር። መጨረሻ ላይ የሐጂው ድምፅ ዝቅ አለ፦ ሲሰገድ ፊት ለሚዞርበት ለቂብላ አቅጣጫ መሬቱ ላይ በኖራ መስመር ያሰመረ አንድ ልጅ ነበር፣ ማንነቱ ይቅር፣ አለ።

ዩኑስ ጆሮው ቆመ። ባለቤት የሌለው ክብር! መስመሯ ስትሰመርም ሆነ ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ እሱ ወራቤ አባቱን ሲያስታምም ነበር፤ ግን ይህን ማን ያስታውሳል?

«እኔ ነኝ» አለ።

«ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት?»

«ያለ ገመድ፣ ያለ ካስማ። ዓይኔን ጨፍኜ ለቀቅኳት፣ እስከ መካ ቀጥ አለች።»

ሙንተሃ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። ከድሮ ተማሪዎች የሰማችውን ነገረችው። ያቺ መስመር የምታሳየው ወደ ታቦር ኮረብታ ነበር። ጀመዓው ሃምሳ አንድ ቀን ሙሉ ፊቱን ወደ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ አዙሮ ሰገደ። ስህተቱን ያየው የቅየሳ ዕቃ ጠባቂው በርናባስ ነው፤ ጴንጤ ነው፣ ኮምፓሱን ይዞ መጥቶ በትሕትና «ወንድሞቼ፣ መካ ተዛወረች እንዴ?» አላቸው። ኢማሙም አላህ የሚያየው የልብን ኒያ ነውና ሶላታችሁ አይጠፋም ብሎ አጽናናቸው።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ዩኑስ ቃሉን ሊያነሣ አፉን ከፈተ። ከፍቶ ሳለ ደብተሩን አየ፦ ስሙ ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ተጽፏል፤ ቀጥሎ አራት መስመር ሞልቷል። ለቧንቧው ሁለት ቃል፣ ለዚህ አራት መስመር! አፉን ዘጋ።

መጽሐፉ በመስጊዱ ግቢ በተነበበ ዕለት የሐጂው አዛን፣ ሸራና በግ በዝምታ አለፉ። መስመሯ ላይ ሲደረስ ግን ተማሪው በሳቅ ተንፈራፈረ። ሲበተን ሁሉም ከዩኑስ ጋር ፎቶ ለመነሣት ተሰለፈ። «ጋሽ ኮምፓስ» የሚል ስም ወጣለት፤ ከዚያ ወዲያ የታቦር ባጃጅ ሁሉ ሲያየው ይቆምለት ጀመር። ሐጂው አዲሱን ቆብ ደፍቶ ለብቻው ቆሞ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሐጂ ባህሩ መኪናውን ትቶ በእግሩ ዳገቱን ወደ ዩኑስ ቤት ወጣ። ተቀመጥ ቢሉት አልቀመጥም አለ።

«ዩኑስ፣ አንተ ያኔ ወራቤ ነበርክ።»

«ነበርኩ።»

«ያሰመርኳት እኔ ነኝ። እኛ አገር ቂብላ ከቤታችን ጀርባ ያለው ተራራ ነው። ልጅ ነበርኩ፤ እዚህ ተራራ ሳይ ቂብላውን ያገኘሁ መሰለኝ። ይኸው ስንት ዘመን አፍሬ ደብቄያት።»

«ታዲያ ተገላገልካ።»

ሐጂው አንገቱን ደፋ። «ሰዉ እኮ ወደዳት» አለ። «መስመሬን መልስልኝ።»

ዩኑስ ቀና ብሎ አየው። የሰውየው ዓይን ቀልቷል፤ ያን ቅላት ያውቀዋል፣ ስልኩን የሰማ ዕለት መስታወት ውስጥ አይቶታል። ትንሽ አሳዘነው። ና እንሂድና ንገራት፣ እኔም አልክድህም አለው።

ሙንተሃን ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ አገኟት። ሐጂው ላቡን እየጠረገ ከተራራው እስከ ኖራው ሳያስቀር ተናዘዘ። ልጅቷ ሰምታ ሰምታ ራሷን ነቀነቀች።

«ሐጂ፣ አዛኑ የእርስዎ፣ ሸራው የእርስዎ፣ በጉም የእርስዎ። ይቺን አንዷን እንኳ ለጋሽ ዩኑስ አይተዉላቸውም?»

ሐጂው ወደ ዩኑስ ዞረ። ሙንተሃም ዞረች። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምታስፈልገው፤ ዩኑስም ሊናገራት ጉሮሮውን ጠረገ። በዚያ መሐል ሁለት ተማሪዎች «ጋሽ ኮምፓስ!» እያሉ እጃቸውን አውለብልበውለት አለፉ።

«ልጄ» አለ ዩኑስ በርኅራኄ የሐጂውን ክንድ ደግፎ፣ «ፀሐይ መትቶት ነው። ውኃ አምጪለት።»