ስምንት ጊዜ ሠላሳ ስድስት

ፈረሶቹን ወደ ውድድር የሚወስደው መኪና ደጅ ላይ ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀ፣ የጋጣው ሰው ሁሉ «ባልደራስ» የሚለው ዋናው ፈረስ ጠባቂ ከልጁ ጋር ስለ ሳይንስ ይከራከር ነበር። ሌላ ቀን የጠፋ ይመስል። ልጅት ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አርብ ዕለት ወላጆች በተሰበሰቡበት ክፍል ፊት ቆማ የምታቀርበው ፕሮጀክት አለባት። ርዕሱን ያወጣችው ራሷ ናት፦ «የፈረስ ልብ በዕረፍትና ከሩጫ በኋላ ስንት ጊዜ ይመታል?» ሦስት ፈረስ መርጣለች። የዕረፍቱን ዛሬ ሳይሄዱ ትቆጥራለች፣ የሩጫውን ደግሞ ሲመለሱ ግቢው ውስጥ አስሩጣ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ያደክምሻል?» አላት ባልደራስ ኮርቻ እየጠረገ። «ጤነኛ ፈረስ ቆሞ ሲውል ሠላሳ ስድስት ነው። ጻፊና እንገላገል።»

«መምህሯ የሰማችሁትን ሳይሆን የለካችሁትን ጻፉ ብላለች፣ አባዬ።»

«እኔ የመንደር ወሬ ሆንኩልሽ?»

ሳቅ አለ እንጂ ነገሩ ቆንጠጥ አድርጎታል። ጠዋት የጉዞውን የጤና ቅጽ የሞላው ሻይ እየጠጣ፣ አንድም ፈረስ ሳይነካ ነው። «የልብ ምት» በሚለው ሳጥን ውስጥ ለስምንቱም ተጓዥ ፈረሶች ሠላሳ ስድስት፣ ሠላሳ ስድስት እያለ ወረደ። ሃያ ዓመት እንዲህ ነው የሠራው። «ዓይኔ ይበቃኛል» ይላል፤ እውነቱን ለመናገር ዓይኑም እስከዛሬ አላሳፈረውም። የጋጣው ኃላፊ ጋሼም «ባልደራስ ካለ አለቀ» ብለው ይፈርማሉ።

ልጅት ከእንስሳት ሐኪሙ የተዋሰችውን አሮጌ ማዳመጫ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከጋጣ ጋጣ ትዞራለች። ነጩ ፈረስ ሠላሳ ስምንት። ጥቁሩ አርባ። ሦስተኛው ዳማው ነበር። ቆጥራ ስትጨርስ ግንባሯን ቋጠረች።

«ስልሳ ስምንት» አለች።

«ምን?»

«ስልሳ ስምንት ነው የሚለው።»

የባልደራስ እጅ ኮርቻው ላይ ቆመ። ወዲያው ግን ምክንያቱ ገባውና ፊቱ ፈታ አለ። «ገባኝ! ልብ ‹ዱብ ዳብ› ሲል አንድ ምት ነው። አንቺ ዱቡን ለብቻ፣ ዳቡን ለብቻ ቆጥረሽዋል። ጀማሪ ሁሉ እንደዚህ ነው። በይ ለሁለት አካፍይው።»

«ሠላሳ አራት።»

«በቃ! ግልግል።»

ልጅት ግን አልተገላገለችም። ደብተሯ ላይ አፍጥጣ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። «እንደዚያ ከሆነ የፊተኞቹም መካፈል አለባቸው። እንደዚሁ ነው የቆጠርኳቸው። ነጩ አሥራ ዘጠኝ ሊሆን ነው። አሥራ ዘጠኝ የሚመታ ፈረስ አለ እንዴ?»

የለም። እንደሌለ ደግሞ እሱ አሳምሮ ያውቃል።

ያኔ ገና ዳማውን አየው። ድርቆሹ እንደተቀመጠ ነው፤ አልተነካም። አንገቱ ሥር አልቦታል። አንገቱን እያዞረ የገዛ ሆዱን ያያል። ዓይኔ ይበቃኛል ባዩ ሰውዬ ጠዋት በዚሁ በር ሁለት ጊዜ አልፏል።

ማዳመጫውን ከልጁ ተቀብሎ ከግራ የፊት እግሩ ኋላ ደረቱ ላይ አሳረፈው። ሰዓቱን እሷ ያዘችለት። ሠላሳ ስድስት ላይ ሲደርስ ደቂቃው ገና ግማሹን ትንሽ አልፎ ነበር። መቁጠሩን አልጨረሰም።

ሆዱን የሚቆርጠው ፈረስ ስድስት ሰዓት መኪና ላይ ቆሞ ከተጓዘ በሕይወት ላይወርድ ይችላል። ዳማው መቅረት አለበት፤ እዚህ ላይ ጥርጥር የለም። ግን ወረቀቱስ? የዳማው ነገር ከተነሳ የስምንቱም ይነሳል፣ የሃያ ዓመት ስሙም አብሮ ይሄዳል። አንድ መውጫ ታየው፦ ጠዋት ደህና ነበር፣ አሁን ድንገት አመመው። ማን ያውቃል?

ጋሼ ቅጹን ይዘው ገቡ። «ሹፌሩ ጮኸብኝ እኮ! ምን ትጠብቃላችሁ?»

«ጋሼ፣ ዳማው አይሄድም። ሆዱን ነው መሰለኝ። አሁን፣ ድንገት ነው የጀመረው።»

ጋሼ ደንግጠው ወረቀቱን አዩ። «ጠዋት ሠላሳ ስድስት ነበር?»

«አዎ» አለ ባልደራስ። ቃሉ ቀሎ ወጣለት።

ይህን ጊዜ ልጅት ዘለለች። «ጠዋት ለክተኸዋል? ለምን አልነገርከኝም፣ አባዬ! ከሕመም በፊትና ከሕመም በኋላ ሆነልኝ እኮ! ማንም እንዲህ ዓይነት የለውም!» ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አዲስ መስመር አሰመረች። ደስታዋ ለጉድ ነው። «ጠዋት» ብላ ጻፈች። «ሠላሳ...»

ዝም ቢል ያለቀ ነገር ነበር። ፈረሱ ተርፏል፣ ስሙም ተርፏል።

«አትጻፊው» አላት።

«ለምን?»

«አልለካሁትም።»

ጋሼ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ወረዱበት። «ሌሎቹስ?»

«እነሱንም» አለ ባልደራስ።

«ስምንቱም ሠላሳ ስድስት» አሉ ጋሼ ቀስ ብለው። «እኔ ጅሉ ደግሞ ልባቸው ተመካክሮ የሚመታ መስሎኝ ፈረምኩ።» ቢጮሁ ይሻለው ነበር፤ አልጮሁም። አዲስ ቅጽ አወጡና ወደ ልጅት ዞሩ። «ነይ የኔ ልጅ፣ አንቺ ቁጠሪ፤ እኔ እጽፋለሁ። አንተ ገመድ ያዝ።»

ያዘ። ልጁ ሰባቱን ስትቆጥር እንደ አዲስ ቅጥረኛ ገመድ ይዞ ቆመ። መኪናው ሰባቱን ጭኖ ሄደ። ሐኪሙ መጥቶ ዳማውን መድኃኒት ወጋውና ለጥቂት እንደተደረሰበት ተናገረ።

ወደ ማምሻው አባትና ልጅ ድርቆሹ ላይ ተቀመጡ። ዳማው ማላቡን ትቷል። ልጅት እርሳሷን ስታሽከረክር ቆየችና፣ «ዳማውን ከፕሮጀክቱ ላውጣው?» አለች። «አርብ የሁሉም ወላጆች ይመጣሉ። አንተም ትመጣለህ።»

ለእሱ ብላ እንደጠየቀች ገባው። አዎ፣ አውጪው ሊል አፉ ላይ ደርሶ ነበር።

«አታውጪው» አላት። «የጀመርሽውን መስመርም ጨርሺው። ጠዋት፣ ሠላሳ ስድስት።»

«አልተለካም አላልክም?»

«ከጎኑ ‹አባቴ ሳይለካ የጻፈው› በይበት።»

አይታው አይታው ስታበቃ ጎንበስ አለች። «አባቴ» ብላ በትላልቅ ፊደል ጻፈችና እርሳሷን አቆመች። «ሳይለካ በእሳቱ ሰ ነው በንጉሡ?»

«በእሳቱ» አላት፣ እያየ።