የትንሿ ኮከብ ክብደት

«ቀለም የዘለቃት ነበረች አሉ፤ ግን ሽቅብ ሽቅብ ስታይ የምድሩ አመለጣት» አለች አንዷ ለቀስተኛ፣ ከጎኗ ወዳለችው ዘንበል ብላ።

የሟቿ ታላቅ እህት ይህን የሰማችው የቡናውን ፔርሙስ ይዛ ከኩሽና ስትወጣ ነው። ደጃፉ ላይ አንድ አፍታ ቆመች። ከዚያ እንዳልሰማ ሰው ገባችና የሴትዮዋን ስኒ እስከ አፉ ሞላችላት።

«ጠጪ እንጂ እህቴ፣ ይቀዘቅዝብሻል።»

ሴትዮዋ ስኒውን በሁለት እጇ ይዛ አቀረቀረች።

ከቀብሩ ሦስተኛው ቀን ነበር። ታላቂቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ለቅሶ የተቀመጡትም እዚያው የምትሰፋበት ክፍል ውስጥ ነው፤ ቤቱ ከሱ የሚበልጥ ክፍል የለውም። የስፌት መኪናው ወደ ግድግዳው ተገፍቶ አንሶላ ለብሷል፤ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ስኒና ብርጭቆ ተደርድሯል፤ ያላለቁት የደንበኛ ልብሶች ከመጋረጃው ጀርባ ተንጠልጥለዋል። ወንበሩ ግማሹ ከጎረቤቷ ከነርሷ፣ ግማሹ ከሰፈሩ ትምህርት ቤት የመጣ ነው። የትምህርት ቤቱ ወንበር ለልጅ የተሠራ ነውና፣ ዕድሜ ልኩን የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረው ግዙፉ አጎታቸው ጉልበቱ አገጩን ሊነካው ምንም አልቀረውም። «ከዚህ ጋቢና የምወርደው በክሬን ነው» ብሎ ጠዋት ሰዉን አስቆ፣ ወዲያው ደግሞ በመሐረቡ ዓይኑን ጠርጎ ነበር።

ሟቿን ሰው ሁሉ የሚጠራት ቀለሜ እያለ ነው። ስኳር የተጠቀለለበትን ቁራጭ ጋዜጣ ሳይቀር ሳታነብ የማትጥል ልጅ ስለነበረች ስሙ ገና በሰባት ዓመቷ ወጣላት፤ አርባ ሰባት ሞልቷትም አልለቀቃት። ከከተማው ዳር ኮረብታው ላይ ባለው የኮከብ መመልከቻ ጣቢያ ነበር የምትሠራው። ሰኞ ዕለት የጣቢያውን ደረጃ ስትወርድ ልቧ ቀጥ አለ። አልታመመች፣ አልተኛች፤ በቃ እንዲያው ቀጥ አለ።

ጎረቤቱ ሥራዋን ከጥንቆላ ለይቶ አያየውም ነበር። «እስቲ የኔን ኮከብ እይልኝ» ሲሏት፣ «ያንቺማ ሩቅ ነው፤ ደግሞም እየሸሸ ነው» ትልና ትስቃለች።

ልብስ ሰፊዋ በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጣታለች። እናታቸው ስትሞት እሷ አሥራ ዘጠኝ፣ ቀለሜ ስምንት ዓመቷ ነበር። ታላቂቱ ትምህርቷን ትታ የስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠች፤ ታናሺቱ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር እራፊ ተነጥፎላት የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። እናትም እህትም ሆና አሳደገቻት፤ የዩኒፎርሟ ቁልፍ ሲላላም እንደለበሰችው «አትንቀሳቀሺ፣ እወጋሻለሁ» እያለች ትተክልላት ነበር። ቀለሜ ዲግሪ በዲግሪ ላይ ስትደርብ፣ ልብስ ሰፊዋ የምረቃውን ፎቶ ለደንበኞቿ እያሳየች «ግማሹ የኔ ነው» ትል ነበር።

ይሁን እንጂ እህቷ ምን እንደምትሠራ አንድም ቀን ጠልቆ አልገባትም። አንዴ ቀለሜ ላስቲኩ በዚግዛግ የተሰፋ ቀሚስ ከጠረጴዛው አንሥታ «እትዬ፣ ብርሃን እኮ እንዲህ ነው» አለቻት። ወገቡን በሁለት እጇ ይዛ ሳበችው። ጥቅጥቅ ብሎ የነበረው ዚግዛግ ተከፋፍቶ ሰፊ ሰፊ ሆነ። «አየሽ? ጥቅጥቅ ያለው ሞገድ ሰማያዊ ነው፤ የተለጠጠው ቀይ። ከሩቅ ጋላክሲ የተነሣ ብርሃን እኛ ጋ እስኪደርስ፣ የሚያልፍበት ሕዋ ራሱ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ብርሃኑም አብሮ ተለጥጦ፣ ከተነሣበት ቀለም ወደ ቀይ ተጠግቶ ይደርሳል። በቀላ ቁጥር ከሩቅ ነው የመጣው።»

«ቀሚሱ ለዘጠኝ ሰዓት ቀጠሮ ነው፤ ላስቲኬን አታበላሺብኝ» ነበር የታላቂቱ መልስ።

በነዚህ ሦስት ቀናት ስኒ ስታጥብ፣ ስኒ ስትሞላ፣ ይህ መልሷ ጆሮዋ ላይ እየመጣ ይጮህባታል። ከሱ የባሰ ደግሞ ሌላ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። የጣቢያው ኃላፊ፣ ሁሉም «ዶክተሩ» የሚለው ሰው፣ አንዲት ትንሽ ነጭ ኮከብ በኃይል እየበረረች ከእኛ ትሸሻለች ብሎ ጻፈ፤ ተጨበጨበለት። ማስረጃው ብርሃኗ መቅላቱ ነበር። ቀለሜ ራሷ ለክታ «አልሸሸችም፤ ከባድ ስለሆነች ነው» አለች። ዶክተሩ መሣሪያውን አዛብተሽ ነው የለካሽው አለና፣ ስህተቱ የኔ ነው ብላ እንድትፈርም ወረቀት ሰጣት። ያን ቀን ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ እህቷ መጣች።

«ፈርሚና ይለፍልሽ» አለቻት ልብስ ሰፊዋ፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሣ።

«እትዬ፣ አንድ ደንበኛ መጥቶ ሜትርሽ ውሸታም ነው ቢልሽ ትፈርሚለታለሽ?»

«ደንበኛው አለቃዬ ከሆነ እፈርማለሁ።»

ቀለሜ ሳቀች። ተናዳ ብትጮህባት ይሻል ነበር። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «ቁጥሩ አይቸኩልም፤ እኔም አልቸኩልም» ብላ ሄደች። አልፈረመችም። ከመለኪያው ክፍል አውጥተው የተማሪ ጎብኚዎች አስጎብኚ አደረጓት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያንን ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ፣ «ልጆች፣ እንዳትነኩ!» ስትል ኖረች። እህትማማቾቹም ነገሩን ዳግመኛ አላነሡትም።

ትናንት ተማሪዎቿን እዚያ ትወስድ የነበረች አንዲት መምህርት ለቅሶ መጥታ፣ «አንድ ቀን፣ አስጎብኚ ሆነሽ መቅረትሽ አይቆጭሽም ወይ ብዬ ጠየቅኋት» ብላ ነበር። «ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹እኔ የማውቀውን አውቃለሁ፤ የሚቆጨው ያላወቀው ነው› አለችኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን ሰምታ ወደ ኩሽና ገብታ፣ የታጠበውን ስኒ ሁሉ እንደገና አጠበች።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በሩ ላይ አንድ ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ ሽማግሌ ቆመ። ግራጫ ኮት ለብሷል፤ በእጁ ቡናማ ፖስታ ይዟል። አጎትየው ወደ ነርሷ ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ። ግን የሞተር ጩኸት ጆሮውን ስላደነቆረው፣ የሱ ሹክሹክታ መንገድ ተሻግሮ ይሰማል።

«ይሄ ነው እንዴ ልጃችንን ደረጃ ጠባቂ ያደረጋት?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ ዶክተሩ።

ልብስ ሰፊዋ ባዶ ወንበር ጠቆመችው። ቡና ቀድታ ሰጠችው፤ ስኒውን ያዘው እንጂ አልጠጣውም።

«እግዜር ያጥናዎት» አለ። «ለቅሶ ብቻ አይደለም የመጣሁት። ይቅርታ ልጠይቅም ነው። ልክ የነበረችው እሷ ናት።»

ነርሷ አፏን በእጇ ያዘች። ሁሉም ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረ።

«በምኑ?» አለች እሷ።

«እንዴት?»

«በምኑ ነው ልክ የነበረችው? ያልገባኝን ይቅርታ አልቀበልም። ያስረዱኝ።»

«ነገሩ ትንሽ ይከብዳል…»

«የሚከብደው ማስረዳቱ ነው መረዳቱ?»

ዶክተሩ ስኒውን አስቀመጠ። ለዓመታት ያላስተማረ መምህር ወደ ሰሌዳው የተመለሰ ይመስል ቀና አለ።

«ብርሃን በሦስት ምክንያት ይቀላል። አንደኛው፣ የሚያበራው ነገር ከእኛ እየራቀ ሲሄድ…»

«ክላክስ!» አለ አጎትየው። «ሲመጣብህ ድምፁ ይቀጥናል፤ አልፎህ ሲሄድ ይወፍራል። አርባ ዓመት አስጩኼዋለሁ እኮ!»

«ልክ ብለዋል ጋሼ። ሁለተኛው፣ በጣም ሩቅ ለሆኑት፣ ሕዋው ራሱ ሲለጠጥ…»

«ይሄን አውቀዋለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ዚግዛጉ ይሰፋል። በቀላ ቁጥር ከሩቅ ነው የመጣው። እሱን ነግራኛለች። ሦስተኛውስ?»

«ሦስተኛው ስበት ነው። ያቺ ትንሽ ኮከብ መጠኗ ምድራችንን ቢያክል ነው፤ ክብደቷ ግን ለፀሐይ ይቀርባል። ከሷ የሚነሣ ብርሃን አቀበት አለበት። ሰው አቀበት ሲወጣ ይዘገያል፤ ብርሃን ግን መዘግየት አይችልም። ስለዚህ ድካሙ ቀለሙ ላይ ይወጣል፤ ቀልቶ ይደርሳል።»

የልብስ ሰፊዋ ጣት ጉልበቷ ላይ የቀሚሷን ጠርዝ እየተከተለ ሄደ፣ ተመለሰ።

«እንግዲያው ቀይ መሆኗን ብቻ አይቶ፣ ሸሽታ ይሁን ከብዳ በምን ይታወቃል?»

«ይሄ ነው እኔ ያልጠየቅሁት ጥያቄ» አለ ዶክተሩ።

«እኔ በየሳምንቱ እጠይቀዋለሁ። ቀሚስ አጠረብኝ የምትል ልጅ ትመጣለች። ጨርቁ ታጥቦ ተኮማትሮ ነው ወይስ እሷ አድጋ? ቀሚሱን ብቻ አይቼ አልፈርድም። ከዚያው ጣቃ የተቆረጠ፣ አብሮ የታጠበ የታላቅ እህትሽን ቀሚስ አምጪ እላታለሁ። ታላቂቱ ቁመቷን ጨርሳለች። የሷም አጥሮ ከሆነ፣ ያን ያህሉ የጨርቁ መኮማተር ነው። ትንሿ ላይ ከዚያ የሚተርፈው ያደገችው ነው።»

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ፤ ሳይጠርገው መልሶ አደረገው።

«ትንሿ ኮከብም ታላቅ እህት አላት» አለ ቀስ ብሎ። «ተራ ኮከብ ናት፤ ሁለቱ አብረው ነው የሚጓዙት። ቀለሜ ሁለቱንም ለካች። ታላቂቱ የቀላችው ጥቂት ነው፤ ጉዞው ያን ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። ትንሿ ላይ ከዚያ የተረፈው ቅላት ክብደቷ ነው። እኔ አንዷን ብቻ ለክቼ ፈረድኩ። አዲስ መሣሪያ ሲመጣልን ሁለቱንም ደግመን ለካን። የሷው ቁጥር ወጣ፤ ከነጥቡ በኋላ ያለው ሳይቀር።»

«መቼ?»

«ስምንት ወር ሆነው።»

አጎትየው ከልጅ ወንበሩ ሊነሣ ሞከረ፤ ወንበሩ አብሮት ተነሣ። ማንም አልሳቀም። ስምንት ወር ሙሉ ቀለሜ በየቀኑ በዚህ ሰው ቢሮ በር ላይ አልፋ ደረጃውን ወጥታ ወርዳለች።

«ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል» አለ ዶክተሩ ወለሉን እያየ። «አፈርኩ።»

ልብስ ሰፊዋ አፏ ድረስ የመጣውን ቃል ዋጠችው። እሱ ስምንት ወር ዝም አለ። እሷስ? ዘጠኝ ዓመት።

«እኔም ፈርሚ ብያት ነበር» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማት ጮክ ብላ። «አዎ፣ እዚችው ቤት። አለቃ ሲቆጣ ልክነት ምን ያደርጋል ብዬ። እሺ ብላኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እርስዎም የሚመጡበት ነገር አይኖርም ነበር። ደግ አደረገች እምቢ ያለችኝ።» እጇን ዘረጋች። «ፖስታው ውስጥ ምንድን ነው?»

«የማስተካከያ ጽሑፍ ነው፤ ያኔ ለጻፍኩበት መጽሔት የሚላክ። ቢያዩት ብዬ።»

ወረቀቱን አወጣች። ብዙው ቁጥር ነው። አልተጨነቀችም፤ የምትፈልገውን ታውቃለች። ጣቷን ከላይ ወደ ታች አወረደች። ከላይ የዶክተሩ ስም። የእህቷ ስም ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል።

«እሷ ለምን እዚህ ታች ሆነች?»

«እዚያ… ምስጋና የሚጻፍበት ቦታ ነው።»

«የለካች እሷ፣ ያወቀች እሷ፣ የተባረረችበትም እሷ። እሷ ከላይ ትሁን። ምስጋናውን እርስዎ ይውሰዱት።»

ከጥግ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው። ዶክተሩ አልተቆጣም። እስክሪብቶውን አውጥቶ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ስኒዎቹን ገፋ አደረገ፤ የራሱን ስም ሰርዞ በቦታው የቀለሜን ሙሉ ስም ጻፈ።

«ቀኑንም። የለካችበትን ቀን፣ የዛሬ ዘጠኝ ዓመቱን።»

ጻፈ።

«ነገ ይላኩት። ነገ ካልሄደ ኮረብታው ላይ እመጣለሁ።»

«እኔ አደርሳታለሁ!» አለ አጎትየው።

ዶክተሩ ወረቀቱን ወደ ፖስታው መለሰ። «ይቅርታውስ?» አለ፣ ቆሞ።

«ታትሞ ሲወጣ ይዘውት ይምጡ። ያኔ እንነጋገራለን።»

ራሱን ነቅንቆ ወደ በሩ ሲዞር ልብስ ሰፊዋ ዓይኗ ኮቱ ላይ አረፈ። መሀለኛው ቁልፍ በአንድ ክር ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል።

«ይቆዩ እስቲ» አለችው።

ከመሳቢያው መርፌና ግራጫ ክር አወጣች። ሦስት ቀን መርፌ አልነካችም። ኮቱን ሊያወልቅ ሲል «አያስፈልግም፣ እንደለበሱት» አለችና ፊቱ ቆመች። አንድ ጊዜ ወጋች፣ ሁለት ጊዜ ወጋች። ሽማግሌው ለመርዳት ይሁን ለማየት ጎንበስ አለ።

«አትንቀሳቀሺ» አለችው። «እወጋሻለሁ።»

አጎትየው አፉን ከፈተ፤ ነርሷ ክንዱን ያዘችው። ልብስ ሰፊዋ ያለችውን አልሰማችም። ዶክተሩ ትንፋሹን ውጦ ቀጥ ብሎ ቆመ። እሷ ክሩን በቁልፉ አንገት ዙሪያ ሦስት ጊዜ ጠመጠመች፣ ቋጠረች፣ ጠጋ ብላም በጥርሷ በጠሰችው።