የጎማው ጫፍ

የጎማው ጫፍ ዛሬም በርሜሉ ውስጥ ተነክሯል። በርሜሉ ውስጥ ያለው የተባይ መድኃኒት የተበጠበጠበት ነጭ ውሃ ነው፤ የጎማው ሌላ ጫፍ ደግሞ ሰማንያ አባወራ ከሚጠጣበት ቧንቧ ጋር ተጋጥሟል።

«አበልጄ፣» አለች የሻረግ ትንፋሿን ውጣ። ጣሰው የልጇ የክርስትና አባት ነውና ቁጣዋን በአክብሮት መጠቅለል ነበረባት። «ጎማውን ከመድኃኒቱ በላይ ያንጠልጥሉት፣ አይንከሩት አላልኩዎትም?»

ጣሰው ከሽንኩርት መደቡ ቀና እንኳ አላለም። «ውሃው ከቧንቧው ወደ በርሜሉ ነው የሚመጣው። ከበርሜሉ ወደ ቧንቧው ሲመለስ የት አዩ?»

የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ከሆነች ወዲህ ይህችን ጥያቄ በወገዳ ገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በለቅሶ ቤት ሳይቀር ሰምታታለች። በስብሰባ ሁሉም እሺ ይላል፤ ማሳው ላይ ጎማው ይነከራል። ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደውን ቫልቭ ለጣሰው ከሰጠችው ሁለት ወር ሆኖታል፤ እስከ ዛሬ አልገጠመውም። «ምከረው፣ ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባላል። መከራው ግን እሱን ብቻ መቼ ይመክራል?

ክርክሩ ሰለቻት። ጎማውን መዘዘች፤ ውስጥ ውጩን አጥባ ንጹሕ ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ከተተችው።

«ዓይንዎን ከባልዲው እንዳይነቅሉ» አለችና ዳገቱን ወጥታ የዋናውን መስመር መዝጊያ ጠምዝዛ ዘጋች። ከዚያ ከታች ቦኖው ላይ ወረፋ የደረሳትን ጎረቤቷን ጮኻ ተጣራች። «አስካለ! ክፈችው!»

ስትመለስ ጣሰው ባልዲው ላይ አጎንብሷል። ጎማው እንደ ተጠማ ጥጃ ውሃውን ይመጥጥ ነበር። ውሃው ከአፍ ጎደለ፣ ከወገብ ወረደ፣ አለቀ።

«አየህ?» አለችው። አክብሮቱ ከአፏ መውደቁን ሁለቱም ልብ አላሉትም።

ጣሰው ፊቱ አመድ መሰለ። «ትናንት መስመሩን ለጥገና ስትዘጉ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ጎማውን እንደ ነከርኩት ምሳ ልበላ ገብቼ ነበር። ስመለስ በርሜሉ ተጋምሷል። ያፈስ ይሆናል ብዬ ስንጥቁን ስፈልግ ዋልኩ።»

የሻረግ ነጠላዋ ከትከሻዋ ሲወድቅ አላነሳችውም። ቁልቁል ሮጠች።

«አስካለ! ድፊው! የቀዳሽውን ድፊው!»

አስካለ ጀሪካኗን እንደያዘች ግራ ተጋብታ ቆመች። ቀድመዋት የቀዱት ሴቶች ግን ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ጀሪካናቸውን እንዳዘሉ፣ በየመንገዳቸው ርቀው ነበር።